ጠይቁን፦ የድሮ ቲዩነር በጎንደር ተራሮች መሀል

ባለፈው እትም ስለ ሸክላ ማጫወቻ ስጽፍ በመሀል "እኔ ቤት ግን ከሸክላውም ከፍላሹም በላይ ብዙ ሰዓት የሚሰራው ቲዩነሩ ነው" የምትል አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የመጣልኝ ጥያቄ ከግማሽ በላዩ ስለሷ መስመር ሆነ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ለማታውቁት፣ ቲዩነር ማለት የራሱ ስፒከር የሌለው፣ ጣቢያውን ይዞ ድምፁን ለአምፕሊፋየር ብቻ የሚያቀብል ሬዲዮ ነው፣ እንደ ፈረንጅ በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተሰሩት ፊታቸው ወፍራም አሉሚኒየም ሆኖ መብራት ያለው ረጅም የቁጥር መስታወትና እጅ የሚሞላ ማዞሪያ አላቸው። ጎንደር ውስጥ ስንት ቤት ቡፌ ላይ እንደተቀመጡ ከደብዳቤያችሁ ነው ያወቅኩት። በሉ ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። አባቴ ነፍሱን ይማርና አስመራ ሲሰራ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ከነበረው ከቃኘው ስቴሽን ወደ ሀገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ የገዛው ፓዮነር ቲዩነርና አምፕሊፋየር አለን፣ እናቴ በዳንቴል ሸፍና እስከዛሬ ቡፌ ላይ አስቀምጣዋለች። ከኋላው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል። ልሰካው እጄን ዘርግቼ ፈራሁ። ደግሞስ ከስልኬ ብሉቱዝ ይሻላል ወይ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እንኳንም ፈራህ ወንድሜ! የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ 120 ለለመደ እቃ ቀጥታ ከሰጠኸው ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ የዛን ሞዴል ትራንስፎርመር ደግሞ ዛሬ ከየት ታመጣዋለህ። መጀመሪያ ጀርባውን በደንብ እየው፣ አንዳንዶቹ ላይ በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ክብ መምረጫ አለ፣ 110፣ 120፣ 220፣ 240 እያለ የተጻፈበት፣ ካለው 220 ላይ ታደርገዋለህ። ከሌለው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ነው። ቲዩነሩ ራሱ ብዙ አይበላም፣ አብዛኛው ከ10 እስከ 30 ዋት ቢሆን ነው፣ የሚበላው አምፑ (አምፕሊፋየሩ) ነውና የሁለቱን ዋት ከጀርባቸው አንብበህ ደምረህ እጥፉን የሚችል ግዛ፣ ልክ በልኩ ከሆነ ይግላል። 60 ኸርዝ የሚለው አያስጨንቅህ፣ የእኛ 50 ነው፣ ለአንዳንድ ሸክላ ማጫወቻ ሞተር ቢሆን ፍጥነቱን ያበላሸው ነበር፣ ቲዩነር ላይ ግን ትራንስፎርመሩ ትንሽ ሞቅ ከማለቱ በቀር ለውጥ የለውም።

ይሄም ሆኖ ቃኘው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፣ ስለዚህ እቃው ቢያንስ 45 ዓመት አልፎታል፣ ያን ያህል ጊዜ የተኛ ነገር እንዲሁ አይቀሰቀስም። እጁን የምታምነው የሬዲዮ ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ እቃዎች) ይይልህ፣ ያበጠ ወይ ፈሳሽ ያንጠባጠበ ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀየር፣ ከዛ በኋላ ነው መብራት የሚያየው። ስትገጣጥመው ከቲዩነሩ የሚወጡትን ሁለት ገመዶች አምፑ ላይ ቲዩነር ወይም ኦክስ በሚለው ሰካቸው። ፎኖ በሚለው እንዳትሰካ አደራ፣ ፎኖ የሸክላ መርፌ ለምታወጣው ደካማ ድምፅ የተሰራ ስለሆነ ያለ ልክ ያጎላዋል፣ ባሱንም ከሚገባው በላይ ያነሳዋል፣ ድምፁ ይቦጫጨቃል።

ብሉቱዙን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፣ ኤፍኤም ስቴሪዮ የሚያሳልፈው ድምፅ እስከ 15 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ብቻ ነው፣ በወረቀት ላይ ሲዲ ይበልጠዋል። ግን ቁጭ ብለህ ስትሰማው ሌላ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በጥሩ ማይክ ሲያወራ በጥሩ ቲዩነር ሲመጣ እዛው ሳሎንህ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ነው የሚመስለው፣ ትንፋሹን፣ ወረቀት ሲገልጥ ሁሉ ትሰማለህ፣ እኔ ለዚህ ስል ነው የምወደው። ካርድ አይበላ፣ ኔትወርክ አይጠብቅ። አንድ ነገር ብቻ እወቅ፣ ኤፍኤም ጣቢያ ሲያሰራጭ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይልካል ተቀባዩ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሹሹታው አብሮ እንዲወርድ ተብሎ ነው፣ የማውረጃው ልክ አሜሪካ 75 ማይክሮ ሰከንድ አውሮፓ ደግሞ 50 ነው፣ ስለዚህ ለአሜሪካ በተሰራው የአባትህ ቲዩነር የጸናጽልና የክራር ጫፍ ጫፉ ደብዘዝ ካለብህ ስፒከሩ አርጅቶ ላይሆን ይችላል፣ የአምፑን ትሬብል ትንሽ ከፍ አድርገህ ሞክረው። እናትህን ዳንቴሉን ሲሰራ እንዲያነሱት ንገርልኝ፣ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት መውጫ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንዴት ነህ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ቲዩነሬ ላይ ስቴሪዮ የምትለው መብራት ስትበራ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ጋዜጠኛዋ "ስ" እና "ሽ" ስትል ደግሞ ድምፅዋ ይሰነጠቃል። ሁለት ጊዜ አስጠገንኩት፣ ለውጥ የለም። አንቴናው ኮርኒሱ ላይ ከቆርቆሮው ስር የዘረጋሁት ሽቦ ነው። (ከአባጃሌ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳያስከፍቱት እለምንዎታለሁ። እኔ እንደምገምተው ቲዩነርዎ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው ኮርኒሱ ላይ ነው። ይሄን ነገር ጮክ ብዬ ባወራው ደስ ይለኛል፣ እኛ ከተማ ሰው ለሳጥኑ ብሩን ይጨርስና ለአንቴናው ሜዳ ላይ ያገኘውን ሽቦ ይሰካል፣ ድምፁ ሲበላሽ ደግሞ ሳጥኑ ይፈታል፣ ይነካካል፣ በመጨረሻ ደህና የነበረው እቃ በእውነት ይበላሻል።

ሁለቱን ነገር ለየብቻ እንያቸው። ሽሽሽታው የስቴሪዮ ጠባይ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባጸደቁት አሰራር ጣቢያው መጀመሪያ የግራና የቀኙን ድምር እንደ ድሮው ይልካል፣ ይሄ ለሞኖ ሬዲዮ ይበቃል፣ ከዛ የግራና የቀኙን ልዩነት 38 ኪሎ ኸርዝ ላይ ጭኖ፣ ተቀባዩ እንዲያውቀው ደግሞ 19 ኪሎ ኸርዝ ላይ አንዲት ለጆሮ የማትሰማ ምልክት ጨምሮ ይልካል፣ የእርስዎን መብራት የምታበራው እሷ ናት። ኤፍኤም ላይ ኮሽታው ኪሎ ኸርዙ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ልዩነቱ የተጫነው ደግሞ እዛው ላይ ስለሆነ ስቴሪዮ ከሞኖ በጣም የጠነከረ ሲግናል ይፈልጋል። ስለዚህ ለዜናና ለውይይት ሞኖ የሚለውን ይጫኑት፣ ሽሽሽታው ወዲያው ይወርዳል፣ አንድ ሰው ለሚያወራበት ፕሮግራም ደግሞ ምንም የሚቀርብዎ ነገር የለም።

"ስ" እና "ሽ" ላይ የሚሰነጠቀው ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ይሄኛው የተራራ ነው። ጎንደር እንደሚያውቁት ገደልና ጉብታ ናት፣ ከማሰራጫው የወጣው ሞገድ አንዱ ቀጥታ ይመጣል፣ ሌላው ተራራ ገጭቶ ዞሮ በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሁለቱ አንቴናው ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ። ድሮ ቲቪ ላይ ሰው ጥላ አስከትሎ ሲታይ አያስታውሱም? ያ ነው፣ በድምፅ ሲሆን እንዲህ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው ደግሞ ያባብሰዋል፣ ብረት ነውና ከላይ የሚመጣውን ይከለክላል በጎን የገባውን እየመለሰ ያንገጫግጨዋል፣ ኮርኒስ ላይ ያለ አንቴና ድስት ውስጥ እንደተከደነ ቁጠሩት።

ስለዚህ ከቆርቆሮው በላይ ውጭ እናውጣው። ብዙ ወጪ የለውም። 75 ኦም የሆነውን የዲሽ ገመድ ይግዙ፣ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም ወፍራም የመዳብ ሽቦ እያንዳንዱን 73 ሳንቲ ሜትር አርገው ይቁረጡ፣ ደረቅ ሽመል ወይ እንጨት ላይ በአንድ መስመር ጫፍ ለጫፍ ያስሯቸው፣ መሀላቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ አይነካኩ፣ የገመዱን የመሀል ሽቦ ለአንዱ የዙሪያውን መረብ ለሌላው ያያይዙ፣ መገናኛውን ዝናብ እንዳይገባው በደንብ ይጠቅልሉት። 73 ያልኩት ከየትም አይደለም፣ 98 ሜጋ ኸርዝ ላይ የሞገዱ ግማሽ አንድ ሜትር ከ53 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሱ አምስት ፐርሰንት ያህል ይቀነስና ለሁለት ይከፈላል፣ የኤፍኤሙን መሀል ስለሚይዝ ግራና ቀኙንም ያዳርሳል። የቲዩነሩ የአንቴና ማስገቢያ 300 ኦም የሚል ብቻ ከሆነ ከድሮ ቲቪ አንቴና ጋ የሚመጣውን ከ75 ወደ 300 የሚቀይር ቁራጭ ጣል ያድርጉበት።

አሁን ዋናው ማዞሩ ነው። ይሄ አንቴና በሰፊ ጎኑ በደንብ ይሰማል፣ በሁለቱ ጫፎቹ በኩል ግን ደንቆሮ ነው። አብዛኛው ሰው የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየው መርፌ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ያቆመዋል፣ እርስዎ እንደዛ አያድርጉ፣ አንድ ሰው ውጭ ሆኖ በትንሽ በትንሹ ያዙርልዎ እርስዎ ሶፋ ላይ ሆነው ሴት ጋዜጠኛ ስታወራ "ስ"ዋን ብቻ ያዳምጡ፣ የጠራበት ቦታ ላይ ያቁሙት፣ መርፌው ትንሽ ቢወርድም ይውረድ፣ ምክንያቱም እዛ ቦታ ላይ የአንቴናው ደንቆሮ ጫፍ ተራራው ወደመለሰው ሞገድ ዞሯል ማለት ነው። አጋድመውትም አቁመውትም ይሞክሩት። እኔ ሳሙና በር ተከራይቼ ሳለሁ አንድ ሙሉ እሁድ ከሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር፣ የተገኘው ግን ሁለት ክንድ እንኳ የማይሞላ ቦታ ለውጥ ነው፣ ማታ ላይ አንድ ማሲንቆ ሲጫወት የሰማሁት ድምፅ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፣ ጭራው ጭራውን ሲፈትገው ይሰማል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የአንቴናውን ገመድ ከጀርባው ይንቀሉት። ከቤትዎ ሲወጡም ይንቀሉት።

ጥያቄ፦ መርካቶ ያለ ዘመዴ የጃፓን ቲዩነር በርካሽ አገኘሁልህ ብሎኛል፣ ፎቶውን ሳየው ግን ቁጥሩ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያልቃል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ተወው። ጃፓን ለራሷ ሀገር የሰራችው ነው፣ ኤፍኤማቸው ድሮ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፣ የእኛ ከ88 እስከ 108 ስለሆነ የሚደራረቡት ሁለቷ ሜጋ ኸርዝ ላይ ብቻ ነው። መብራቱም 100 ቮልት ነው። በደርግ ጊዜ ከሶቪየት የመጡትም እንደዛው ናቸው፣ የነሱ ከ66 እስከ 73 ገደማ ያለ ቁጥር ነው ያላቸው፣ እንጨታቸው በጣም ያምራል ግን አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ያለ ኤፍኤም ጣቢያ አይገባባቸውም። መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቡ፣ 108 ከሌለበት ገንዘባችሁን አታውጡ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ የተወልኝ ቲዩነር ማዞሪያው ይዞራል ቀዩ መርፌ ግን አንዳንዴ ይቀራል አንዳንዴ ይሄዳል፣ ደግሞ ጣቢያው ከሚገባበት ቁጥር ላይ አይቆምም። መብራቱም ሞቷል። ወንድሜ ውስጡ ያሉትን ብሎኖች አጥብቄ ላስተካክልልሽ እያለ ነው፣ ልፍቀድለት? (ከአራዳ)

መልስ፦ እህቴ በፍጹም እንዳትፈቅጂለት! ወንድምሽ ብሎን ያላቸው ነገሮች መጥበቂያ አይደሉም፣ የመቀበያው ልክ የተቀመጠባቸው ናቸው። ይሄን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ልጅ ሆኜ የአጎቴን ቲዩነር ክዳን ከፍቼ ያችን ባለ ቀዳዳ ጥቁር ነገር ድምፅ ታሻሽላለች ብዬ በብረት ካቻቢቴ አዞርኳት፣ ፌራይት ናት፣ እንደ ብርጭቆ ጥብቅ ብላ ትሰባበራለች፣ ተሰነጠቀች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ያ ቲዩነር ሁለት ጣቢያ ባንዴ እያቀላቀለ ነው የሚሰማው፣ አጎቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም፣ እስከዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። እነዚህ ነገሮች ሲግናል ጄነሬተር (የሙከራ ሞገድ የሚያወጣ መሳሪያ) ባለው ሰው በፕላስቲክ መጠምዘዣ ብቻ ነው የሚነኩት።

ያንቺ ችግር ግን ከዛ በጣም የቀለለ ይመስለኛል፣ ክሩ ነው። ማዞሪያው፣ መርፌውና ጣቢያ መያዣው ትልቅ ጎማ በአንድ ቀጭን ክር ነው የተሳሰሩት፣ ዘመን ሲያልፍ ክሩ ይላላል ወይ ይደርቃል፣ ያኔ ማዞሪያው ስር ይንሸራተታል። መብራቱን ነቅለሽ፣ ነቅለሽ አልኩኝ አጥፍተሽ አይደለም፣ ክዳኑን ክፈቺና ክሩ በየት በየት እንደሚዞር በስልክሽ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሺ፣ አንዴ ከወለቀ መንገዱን ማስታወስ አይቻልም። አንዳንዴ ክሩን የምትወጥረዋን ትንሽ ስፕሪንግ አንድ ጥርስ ወደፊት መስቀል ብቻ ይበቃል። ክሩ ከተበጠሰ የተጎነጎነ የማይለጠጥ ክር ፈልጊ፣ ብዙ ሰው ከጎርጎራ የመጣ የአሣ ማጥመጃ ናይለን ያስርበታል፣ ለአንድ ወር ደህና ይሰራና ይለጠጣል፣ ተመልሶ ያው ነው።

መርፌው ቁጥሩን የሚስተው ደግሞ ሁለት አይነት ነው። በግራም በቀኝም በእኩል ከሳተ፣ ማለት ታች ላይም ላይ ላይም አንድ ሜጋ ኸርዝ ያህል ወደ አንድ ወገን ከሆነ፣ መርፌዋ ክሩ ላይ ተንሸራታ ነው፣ ክሩን ይዘሽ ቀስ አርገሽ ትመልሻታለሽ፣ አለቀ። በአንዱ በኩል ልክ ሆኖ በሌላው ከሳተ ግን ያ የባለሙያ ነው፣ ቁጥሩን ተይውና ልኩን በምታሳየው በሌላኛዋ ትንሽ መለኪያ መርፌ ተማመኚ፣ ጣቢያው ልኩ ላይ ሲሆን መሀል ላይ ትቆማለች፣ ቁጥሩ ምን አገባው።

እግረ መንገድሽን ያን ስስ ስስ ብረት ተደራርቦ የሚዞረውን አየር ካፓሲተር አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሺለት፣ ብረቶቹን ግን በጣትሽ እንዳትነኪ፣ ትንሽ ከጎበጡ ጣቢያው ይሸሻል። ማዞሪያና መጫኛ ላይ ኮሽ ኮሽ ካለ ለኤሌክትሪክ ንክኪ የተሰራ ማጽጃ ስፕሬይ እንጂ የሞተርና የማጠፊያ ዘይት አይነፋበትም። መብራቷ ትንሽ አምፖል ናት፣ ስንት ቮልት እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ወይ አምፖሏ ላይ ታነቢያለሽ፣ ያንኑ ቮልት ተኪበት። ኤልኢዲ ለማድረግ ከፈለግሽ ብዙዎቹ መብራታቸው ኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለስ ኤሌክትሪክ) ስለሆነ እንዲሁ ብትተኪው ይንቀጠቀጣል፣ ደግሞ ያ የሞቀ ቢጫ ብርሃን ነው የሳሎኑ ማታ፣ እኔ ብሆን አልለውጠውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የላከልኝ ምርጥ የተባለ ቲዩነር የጀርመን ድምፅን አያመጣም፣ የአባቴ ትንሿ ፊሊፕስ ግን ታመጣዋለች። ተታለልኩ እንዴ? ሸገርንም አይዝም። (ከአዘዞ)

መልስ፦ አልተታለልክም። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ በአጭር ሞገድ ነው ወደ እኛ ሲመጣ የኖረው፣ ድሮ ብስራተ ወንጌልም ከአዲስ አበባ አፍሪካን የሚያዳርሰው በሱ ነበር፣ አጭር ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሃይፋይ (ለድምፅ ጥራት የተሰራ) ቲዩነር አብዛኛው ኤፍኤምና መካከለኛ ሞገድ ብቻ ነው ያለው። ኤፍኤም ደግሞ ቀጥታ ሂያጅ ነው፣ የአዲስ አበባው ሸገር 102.1 እዚህ አይደርስም፣ የትኛውም ቲዩነር አያመጣልህም። መካከለኛ ሞገዱን ማታ ማታ ሞክረው፣ ግን የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ስለሚረብሹት አጥፍተህ። የአባትህን ፊሊፕስ አትጣላት፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ማራኪ ካምፓስ ተማሪ ነኝ፣ ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። የትኛውን ሞዴል ልፈልግ? ጓደኞቼ ደግሞ ሬዲዮ ሊቀር ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ታናሽ ወንድሜ፣ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አንስታ ወደ ዲጂታል አዛውራለች፣ እውነት ነው። እኛ ሀገር ግን ታክሲውም ሱቁም ጸጉር ቤቱም ኤፍኤም ነው፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫውን የወሰደ ሰሞን የከተማው ደስታ በየሱቁ በር ላይ በኤፍኤም ሲያስተጋባ አልሰማህም? ስለዚህ በዛ አትስጋ።

ስማቸው የገነነውን ልንገርህ፣ ማራንትዝ 10ቢ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ባለ ቫልቭ (በድሮው የመስታወት ቱቦ የሚሰራ)፣ የጣቢያውን ጥራት የሚያሳይ የራሱ ኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በስዕል የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን) ፊቱ ላይ ያለው፣ ማኪንቶሽ ኤምአር 78 አለ፣ ያማሃ ሲቲ 7000 አለ። እነዚህ ለማየትም ብርቅ ናቸው፣ ዋጋቸውም የተማሪ አይደለም። አንተ ሳንሱይ ቲዩ 717፣ ኬንውድ ኬቲ 7500 ወይም የፓዮነር ቲኤክስ ዘር የሆነ ነገር ካገኘህ በቂህ ነው፣ ካላገኘህ ደግሞ በዛ ዘመን ከታወቁት የጃፓን ፋብሪካዎች ለውጭ ገበያ የተሰራ የትኛውም ደህና ቲዩነር ጣቢያው ከሚልከው ድምፅ በላይ ጥራት አለው። ለሳጥኑ ካሰብከው ላይ ቀንስና ለአንቴናውና ለገመዱ አስቀምጥ።

ልትገዛ ስትሄድ ለአባጃሌው መምህር መልስ ላይ ያልኩትን አንቴና በሽቦ ሰርተህ አጥፈህ ያዝና ሂድ፣ የራስህን የጆሮ ስፒከርና አነስተኛ አምፕም ከቻልክ ይዘህ ሂድ። ብሩን ሳትከፍል ባለሱቁ ቲዩነሩን ሰክቶ ያብራልህ፣ አስር ደቂቃ ይሙቅ። አንዱን ጠንካራ ጣቢያ ያዝና ሁለቱም መርፌዎች መንቀሳቀሳቸውን እይ፣ ስቴሪዮ መብራቷ ትብራ፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሰማ፣ ሞኖ ስትጫን ድምፁ ወደ መሀል ይሰብሰብ። ከዛ ከጠንካራው ጣቢያ አጠገብ ያለ ደካማ ጣቢያ ፈልግ፣ ጠንካራው እላዩ ላይ ካልረገጠው ውስጡ ጤነኛ ነው። ከዛ ማዞሪያውን በአንድ ጣት ገፋ አርገህ ልቀቀው፣ ከጀርባው ከባድ ጎማ ያለው ከሆነ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ይንሸራተታል። ሲጨርስ ያንኑ ጣቢያ ተመልሰህ ያዝና ሌላ ግማሽ ሰዓት እዛው ተቀመጥ፣ ሳትነካው ከልኩ ከሸሸ ዋጋውን አስቀንስ ወይ ተወው።